ተደፍቶ የተገኘው የወተት ዕቃ

የማታምኑ ሰዎች ከአሁኑ እለፉት፤ አልቀየማችሁም። እኔም ብሆን በማላውቀው ሰው ላይ ደረሰ ቢሉኝ "ሂዱ ወዲያ" ብዬ ስልኬን አስቀምጥ ነበር።

ይሄ ግን የደረሰው በአክስቴ ልጅ በሰቢሪና ላይ ነው። እዚሁ ሮቤ ውስጥ፣ ከእኔ የስልክ ጥገና ሱቅ በባጃጅ ትንሽ ሄድ ብሎ ባለ ግቢ።

የጀመረውም በጨለማ አይደለም። ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ እያለች ነው።

አብዛኛውን የነገረችኝ ራሷ ሰቢሪና ናት። መጨረሻውን ያየሁት ግን እኔ ነኝ... እሱን እሷም አታውቀውም።

ሰቢሪና የጥንት ነገር የሚያጠና ቡድን ውስጥ ነው የምትሠራው። አለቃቸው ከአዲስ አበባ የመጣች ወሰንየለሽ የምትባል ዶክተር ናት። ሥራቸው ድሮ በባሌ ተራራ ላይ ከብት ይዘው ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ ሰዎች ምን ትተው እንዳለፉ መፈለግ ነው።

ሣር ተከትሎ የሚኖር ሰው ብዙ ነገር አይተውም። የበረት ድንጋይ፣ የእሳት አመድ፣ አለት ላይ በቀይ አፈር የተሣለች ላም፣ የድንጋይ ክምር ያለበት መቃብር... እሱኑ እየለኩና ፎቶ እያነሱ ይውላሉ።

ለሰቢሪና ይሄ የትምህርት ነገር ብቻ አልነበረም። እናቷ፣ አክስቴ ዙቤዳ፣ በጎዳንቱ ያደገች ሴት ናት። ጎዳንቱ ማለት ወቅቱ ሲደርስ ከብቱን ይዞ ወደ ተራራው ሣር መውጣት ነው። አክስቴ ትዳር ይዛ ከተማ ከገባች በኋላ እንኳ ዝናቡ ሲያባራ ደጅ ወጥታ ወደ ተራራው ታይ ነበር።

"ታይ ነበር" ያልኩት ወድጄ አይደለም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አክስቴ ሁሉን ነገር እየረሳች ነው።

መጀመሪያ የዕቃ ስም ጠፋባት። ከዚያ የጎረቤት ስም። ከዚያ የሞተው ባሏ።

መጨረሻ ላይ የሰቢሪና ስም ጠፋባት።

ያለቻት አንድ ልጅ እሷ ናት። እያጎረሰቻት፣ እያጠበቻት፣ "አንቺ ልጅ... ማን ነሽ?" ትላታለች። ሰቢሪናም "ሰቢሪና ነኝ፣ አዮ። ልጅሽ" ትላለች። እናቷን አዮ ነው የምትላት። አክስቴ እንግዳ ለሆነ ሰው እንደምናደርገው በትሕትና ፈገግ ትልና ፊቷን ትመልሳለች።

ቆይታ መናገሩንም ተወችው። ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር አልነሳም አለች። ያልተዋት ነገር ቢኖር አዛን ሲሰማ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ሰቢሪና ሱቄ መጥታ ቁጭ አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

"እንድትድን ብዬ አይደለም ዱዓ የማደርገው" አለችኝ። "አንድ ጊዜ ብቻ በስሜ ብትጠራኝ። አንድ ጊዜ። ከዚያ አላህ የወደደውን ያድርግ።"

ይሄን ያዙልኝ። የሠራችውን ሁሉ የሠራችው ለዚህ ነው።

ወደ ሐሙሱ ልመልሳችሁ።

ከዲንሾ በላይ፣ የወብን ወንዝ ይዘው ሄደው፣ እንደ ዋሻ ወደ ውስጥ የገባ አለት ሥር ደርሰዋል። መንገድ የሚመሯቸው ኦቦ ወዚር የሚባሉ ባለፈረስ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ፈረሶቹን ይዘው ውጭ ቀሩ።

አለቱ ሥር ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ላይ የድንጋይ ክምር አለ። መቃብር ነው። ወሰንየለሽ የብዙ መቶ ዓመት ዕድሜ ሰጥታዋለች። ድንጋዩን አንድ በአንድ እያነሱ ወደ ጎን ደረደሩ። "ሰቢሪና፣ ሜትሩን አቀብይኝ... ሰቢሪና፣ ብሩሹን... ሰቢሪና፣ እዚህ ጋ ያዥልኝ..." ስትል ነው የዋለችው።

ከክምሩ ሥር በሰው ቁመት ልክ የተቆፈረ ጉድጓድ ወጣ። ዙሪያው በጠፍጣፋ ድንጋይ በደንብ ተደግፏል።

ባዶ ነበር።

አጥንት የለም። ጥርስ እንኳ የለም።

መሀሉ ላይ አንድ ዕቃ ብቻ ተደፍቶ ተቀምጧል። ጪጮ ይሉታል፤ ከተክል ሥር ጥብቅ ተደርጎ የሚሰፋ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ የወተት ዕቃ ነው። አፉ ወደ መሬት ዞሯል። አፉ ውስጥ ሣር ተጠቅጥቆበታል።

ወሰንየለሽ አንስታ አገላበጠችው። የተሰፋ ነገር ይህን ያህል ዘመን እንዲህ ሳይነካ ሊቆይ አይችልም። ለሰቢሪና አቀበለቻት።

ሰቢሪና ሣሩን አወጣችው።

ሣሩ አልደረቀም።

ዕቃውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው... የወይራ ጭስ ይሸታል። ዛሬ ጠዋት የታጠነ ዕቃ የሚሸተውን ሽታ።

"ማን ነው ያስቀመጠው?" አለች ወሰንየለሽ በሹክሹክታ።

መጀመሪያ ውጭ ያሉትን ኦቦ ወዚርን አየቻቸው። ቀጥላ ሰቢሪናን አየቻት። ሰቢሪናን ረዘም አድርጋ ነው ያየቻት።

ኦቦ ወዚር ብቅ ብለው ዕቃውን ሲያዩ ወደ ኋላቸው ተመለሱ።

"መልሱት" አሉ።

"ለምን?"

"የተደፋ ነዋ። እኛ አናነሳም።"

ምክንያቱን እሳቸውም አያውቁትም። ወሰንየለሽ ደጋግማ ብትጠይቃቸው አባቶቻችንም አያነሱም ነበር ከማለት ሌላ የጨመሩት የለም።

ሰቢሪና ግን ታውቅ ነበር።

ልጅ ሆና ሴት አያቷ ሲሞቱ አይታለች። በእናቷ ቤተሰብ ዘንድ የወተት ዕቃ የሴት ነው፤ ባለቤቱ የምታጥነው ሴት ናት። ስትሞት ዕቃዋ ይደፋል፣ አፉ ይደፈናል። ከዚያ በኋላ ማንም አያጥነውም፤ ወተትም አይሞላበትም። ያጠነው ሰው ባለቤቲቱን "ነይ፣ ቤትሽ ግቢ" ብሎ ጠርቷታል ነው የሚባለው።

ሰቢሪና ይሄን ለወሰንየለሽ አልነገረቻትም። አፍራ ነው። በተማረ ሰው ፊት የአሮጊት ወሬ የምታወራ መስሎ መታየት አልፈለገችም።

ድንጋዩን መልሰው ከመሩ። ዕቃውን በሳጥን አድርገው ይዘው ወረዱ።

ዲንሾ አድረው ዓርብ ሮቤ ሲገቡ ቁልፍ ያዡ ለጁምዓ ሄዶ ቢሮው ዝግ ነበር። ወሰንየለሽም ደክሟታል። ሰቢሪና ዕቃውን እስከ ሰኞ ቤት ላቆየው አለች። ወሰንየለሽ ትንሽ አሰብ አደረገችና እሺ አለቻት።

ቤት ገብታ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ ከፈተችው፤ በመንገድ ተጎድቶ እንደሆነ ልታይ ነው።

ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

"ፊዲ።"

ዘወር አለች። አክስቴ ወንበሯ ላይ እንዳለች ሁለት እጇን ዘርግታለች። ለወራት ቃል ያልወጣት ሴት ናት።

"ምን አልሽ፣ አዮ?"

"ፊዲ" አለች እንደገና። አምጪው ማለቷ ነው።

እስቲ ፍረዱ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

የጥንት ዕቃ አይታጠብም፣ አይታጠንም፤ ወሰንየለሽ ብታይ ራሷን ትስት ነበር። የተደፋ ዕቃ አይነሳም፤ አያቷ ቢያዩ ይረግሟት ነበር። ሰቢሪና ሁለቱንም ታውቃለች። ሁለቱንም ረግጣ አለፈች።

ዕቃውን አቃናችው። አጠበችው። የወይራ ስንጥር ለኩሳ፣ ልጅ ሆና እናቷ እንዳስተማረቻት፣ ፍሙን ውስጡ ከታ አፍና ነቀነቀችው። የእናቷ ዓይን እጇን ይከተላል። ከጎረቤቷ ከማርያም ቤት የላም ወተት አምጥታ ሞላችበት።

አክስቴ በሁለት እጇ ተቀብላ ጠጣች። ጠብታ አላፈሰሰችም።

ከዚያ ቀና ብላ ሰቢሪናን ትክ ብላ አየቻት... ፈገግ አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሰቢሪና ስትነሳ የእናቷ አልጋ ባዶ ነበር። እየሮጠች ስትወጣ አክስቴ ግቢው መሀል በሁለት እግሯ ቆማ ወደ ተራራው ታያለች።

ደወለችልኝ። እያለቀሰች ስለነበር የምትለው አይሰማም። ሞተች ነው ያልኩት። ሱቄን ዘግቼ በረርኩ።

አክስቴ በሯ ላይ ተቀበለችኝ። እጄን ያዘች። እጇ የሞቀ፣ ጠንካራ እጅ ነው።

"ሎን ነጋ?" አለችኝ።

ከብቶቹ ደህና ናቸው ወይ ማለቷ ነው። እኔ እንኳን ከብት ዶሮ የለኝም። ሳቅኩ። ሰቢሪናም ሳቀች። አክስቴ ግን አልሳቀችም፤ መልሴን እየጠበቀች ነበር።

"ደህና ናቸው" አልኳት።

ያኔ ነው እጄን የለቀቀችው።

ያን ቀን ደስታው ሌላ ነገር አላሳየንም። ቤት ስሄድ ነው አንዳንድ ነገር የከነከነኝ። አክስቴ ለዓመታት ጉልበቷን ሲያማት ኖሮ፣ አሁን መሬት ላይ ተቀምጣ ሳትደገፍ ትነሳለች። ወንበሯ ላይ አልተቀመጠችም፤ በጎኑ ዞራ ነው የምታልፈው። ሻሿን ያሰረችው በማላውቀው አኳኋን ነው። መብራት ሲበራ አምፖሉን ሳይሆን ግድግዳው ላይ ያረፈ ጥላዋን ታያለች።

አንድ ነገር ደግሞ ሰቢሪና ብቻ ናት ያስተዋለችው።

አዛን ሲል የአክስቴ ከንፈር አልተንቀሳቀሰም። አንገቷን ዘመም አድርጋ አዳመጠች... የማታውቀው አውሬ ከሩቅ ሲጮህ የሰማች ነው የምትመስለው።

"አዮ" አለቻት ሰቢሪና። "ስሜን ጥሪኝ እስቲ።"

"ኢንተላ ኮ" አለች። ልጄ ማለት ነው።

"እሱን አይደለም። ስሜን።"

"ልጄ ነሻ።"

ድምፁ ጣፋጭ ነው። ሰቢሪና ግን ያን ሌሊት በሯን ቆልፋ ተኛች። በእናቷ ላይ በር ስትቆልፍ የመጀመሪያዋ ነው።

ዕቃውን ግን በየጠዋቱ ማጠኗን አልተወችም። ብተው ትወድቅብኛለች ብላ ፈራች።

ሰኞ ቢሮ ባዶ እጇን ገባች። ቤት ረሳሁት አለች። ወሰንየለሽ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

"ሰቢሪና፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዕቃውን እዚያ ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ? ኧረ በአላህ፣ ዶክተር። ለምን ብዬ?"

"ያልደረቀ ሣር፣ ትኩስ ጭስ። ሰው ነው ያስቀመጠው። እናትሽ ደግሞ ከእነዚያው ሰዎች ናቸው። ግኝት እንዲሆንልን ፈልገሽ ከሆነ አሁን ንገሪኝ።"

ሰቢሪና ምን ትበል? እውነቱ ከውሸቱ የባሰ ነው። ዝም አለች። ዝምታዋን ወሰንየለሽ እንደ አዎ ወሰደችው።

ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ስልኳን ከፍታ ባለፈው ዒድ ከእናቷ ጋር የተነሳችውን ፎቶ ለአክስቴ አሳየቻት። አክስቴ ስልኩን አልነካችም። ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው።

"ይቺ ማን ናት?" አለች ሰቢሪና፣ ጣቷን እናቷ ፊት ላይ አድርጋ።

"ታማ የነበረችው ናት።"

ሰቢሪና ስልኩን አስቀመጠች።

"አሁንስ... የት ናት?"

"ተኝታለች" አለች አክስቴ ቀስ ብላ። "ድንጋይ አላት። ነፋስ አይነካትም።"

ከዚያ ተነስታ ዕቃውን ከወለሉ አነሳች። አቅፋ እየወዘወዘች የማታውቀውን ዘፈን ታንጎራጉር ጀመር። ኦሮምኛ ነው፤ ግን ግማሹን ቃል ሰቢሪና ሰምታው አታውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ለወሰንየለሽ ደውላ ዕቃውን ወደነበረበት እመልሰዋለሁ አለቻት። ወሰንየለሽ ጥፋቷን ያመነች መሰላት። መልሺው፣ ስለሱ የሚጻፍ ነገር አይኖርም አለችና ዘጋችው። ሰቢሪና በዚህ ስሟ እንደሚጠፋ ታውቃለች፤ ግድ አልሰጣትም።

ሐሳቧ ግልጽ ነበር። ዕቃውን ስታቃና የገባ ነገር ካለ፣ ስትደፋው ይወጣል። እናቷም ትመለሳለች። ታማም ቢሆን፣ ሳታውቃትም ቢሆን፣ እናቷ ትመለሳለች።

ሳጥኑን ስታነሳ አክስቴ በር ላይ ቆማ ነበር።

"ወዴት ነው?"

"ወደ ሥራ።"

አክስቴ ሳጥኑን አየች። ሰቢሪናን አየች። ከበሩ ዞር ብላ መንገዱን ለቀቀችላት።

አልከለከለቻትም። ይሄ ነው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ማርያም እናቷን እንድትጠብቅላት ጠርታ በሚኒባስ ዲንሾ ሄደች። ኦቦ ወዚር የያዘችውን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ አለ። ምንም ሳይጠይቁ ፈረስ አቀረቡላት። ከቀትር በኋላ አለቱ ሥር ሲደርሱ ጉሙ ወርዶ ወንዙን ሸፍኖታል። ኦቦ ወዚር ውጭ ቀሩ።

ሰቢሪና ድንጋዩን አነሳች። ጉድጓዱ እንደተዉት ባዶ ነው። ዕቃውን አወጣች። አፉን በሣር ደፈነች። ተንበርክካ ደፋችው።

"ሰቢሪና..."

ድምፁ ከዕቃው ውስጥ ነው የመጣው። የታፈነ፣ የደከመ ድምፅ።

ዕቃውን አነሳችው። ፀጥ አለ። ውስጡን አየች፤ ምንም የለም።

ደፋችው።

"ሰቢሪና... ልጄ..."

የእናቷ ድምፅ ነው። ቤት ያለችው ሴት ጣፋጭ ድምፅ አይደለም። ሻካራው፣ በሽታው ያደከመው፣ ለዓመት የናፈቀችው ድምፅ ነው። ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ ብላ የለመነችው ስም...

"አዮ?" አለች። "አዮ፣ አንቺ ነሽ?"

"ሰቢሪና።"

አለቀሰች። ዕቃውን አቅፋ አለቀሰች። ልታነሳው፣ ይዛው ልትወርድ እጇን ስትዘረጋ አንድ ነገር ትዝ አላት።

ሐሙስ ዕለት እዚሁ ጉድጓድ አፍ ላይ ወሰንየለሽ ስሟን ስትጠራ ነው የዋለችው። ሰቢሪና አቀብይኝ፣ ሰቢሪና ያዥልኝ... እዚህ ሥር የተኛ ማንም ቢሆን ስሟን ሊማር ይችል ነበር።

ቤት ያለችው ስሟን የማታውቀው፣ እናቷ ስላልሆነች ነው? ወይስ ቤት ያለችው እናቷ ሆና፣ ይቺ ናት እያባበለች ልትወጣ የምትፈልገው?

"አዮ" አለች። "የአባቴ ስም ማን ነው?"

ፀጥታ።

"አዮ፣ እኔ የተወለድኩት የት ነው?"

ፀጥታ... ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ "ሰቢሪና።"

ያኔ ተስፋዋ ተሟጠጠ። እናቷ ብትሆንም አትመልስላትም፤ እናቷ እኮ ሁሉን ረስታለች። የረሳን ሰው በምን ትፈትኑታላችሁ?

"ኦቦ ወዚር!" ብላ ተጣራች። "ይሰማዎታል?"

ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተው የፈረሱን አንገት እየደባበሱ ነበር።

"ነፋስ ነው" አሉ ሳይዞሩ።

ነፋስ ግን አልነበረም። ጉሙ ባለበት ቆሟል።

ሰቢሪና የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሳች። ከዕቃው ጎን አስቀመጠችው። "ሰቢሪና" አለ ድምፁ። ሁለተኛውን አስቀመጠች። "ሰቢሪና።" ጆሮዋን በሻሿ አሰረች። ድንጋይ በጨመረች ቁጥር ድምፁ እየራቀ ሄደ፤ መጥራቱን ግን አላቋረጠም። አልለመነም። አልተቆጣም። ስሟን ብቻ ነው የሚለው።

በገዛ እጇ ከመረችበት። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ከመረችበት።

ስትወርድ ጣቶቿ ደምተው ነበር ብለውኛል ኦቦ ወዚር በኋላ ስጠይቃቸው።

ሮቤ ስትደርስ ገና አልጨለመም። ማርያም በር ላይ ጠበቀቻት። እናቷ እስከ ቀትር ደጅ ቆማ ወደ ተራራው ስታይ ውላ፣ ከዚያ ገብታ መኝታዋ ላይ እንደወጣች ነገረቻት።

"ራሷ ብርድ ልብሱን ለበሰች። እንደ ደህና ሰው አስተካክላ። ከዚያ ዓይኗ ፈዘዘ... እንደ ድሮዋ ሆነች፣ እህቴ። አይዞሽ።"

ሰቢሪና ከዚህ ሁሉ የሰማችው "እንደ ድሮዋ" የሚለውን ብቻ ነው። ሮጣ ገባች።

አክስቴ ተኝታለች። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። እጇ ከአልጋው ተንጠልጥሏል።

"አንቺ ልጅ..." አለች በሻካራ ድምፅ። "ማን ነሽ?"

ሰቢሪና ወለሉ ላይ ወድቃ እጇን ሳመች። ሰው እናቱ ስላላወቀችው በደስታ ሲያለቅስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

በሦስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ሄድኩ።

ሰቢሪና ከስታለች፤ ፊቷ ግን በርቷል። ከሥራዋ ለቃለች። ሁሉን ነገር ያን ዕለት ነው ቁጭ ብላ የነገረችኝ። ዱዓዬ ባይሰማም ግድ የለኝም አለች። በስሜ ባትጠራኝም እናቴ ናት፣ ይበቃኛል አለች። አጥሚቱን ላሙቅ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

እኔና አክስቴ ብቻችንን ቀረን።

ጎንበስ ብዬ ብርድ ልብሷን ላስተካክል ስል ዓይኗን ገለጠች።

ፍዝዝ ያለ ዓይን አልነበረም። ንጹሕ፣ ንቁ ዓይን ነው። ትክ ብሎ አየኝ።

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"ዝም በል ልጄ" አለችኝ በሹክሹክታ። በጣፋጩ ድምፅ። "እሷ የፈለገችው በሽተኛዋን ነው።"

የሰቢሪና እግር ኮቴ ሲሰማ የአክስቴ ዓይን ፈዘዘ። አፏ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሰቢሪና አጠገቧ ተቀምጣ በማንኪያ አጥሚት አቀመሰቻት። አጥሚቱ በአገጯ ወረደ። ሰቢሪና በመሐረብ ጠረገችላት፤ ግንባሯን ሳመቻት።

"አየህ?" አለችኝ እየሳቀች። "ተመለሰችልኝ እኮ።"

አዎ ብዬ እራሴን ነቀነቅኩ።

ስወጣ ከበሩ ላይ አንድ ጊዜ ዞር ብዬ አየሁ። አክስቴ ዓይኗን ጨፍና የተኛች ትመስላለች። ከብርድ ልብሱ ሥር ግን ሁለት እጆቿ ወደ ላይ ወደ ታች... ቀስ ብለው፣ በየተራ... ላም ያልቡ ነበር።